ቡሬ ላይ ኮምፒውተር ስናናግር

ቡሬ ተመድቤ ስሄድ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ባሕር ዳር አንድ የግል ኮሌጅ ያስተማረኝን ብቻ ነበር። ደብዳቤ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ቫይረስ ማጽዳት፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲይዝ ማላቀቅ። ይህን ይዤ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ሆንኩ። ዘመኑ በየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት፣ «አይሲቲ» የሚለው ቃል ከየስብሰባው የማይጠፋበት ነበር። ሽንዲ አካባቢ ያለው አባቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ በትክክል ባያውቅም ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ማሽን ያዝዛል» ይል ነበርና፣ ገና ከጅምሩ ከማውቀው በላይ የሚወራልኝ ሰው ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩት። ስከፍታቸው የለመድኩት ዊንዶውስ አይደለም፤ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓት ነው የተጫነባቸው። ኢንተርኔት የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ የለም። መጽሐፉ ስለ አንድ ነገር ያወራል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ሌላ ነው። ተማሪዎቹ የማላውቀውን ሲጠይቁኝ «እሱ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ይመጣል» እያልኩ አልፋለሁ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲመጣ እነሱም ጥያቄውን ረስተውታል፤ እኔም ደስ ይለኛል።

የእንግሊዝኛውን መምህር ያወቅኳቸው በዚያው ዓመት ነው። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙ አያንስም፤ ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። ጠዋት ጠዋት ባለቤታቸው እስከ ግቢው በር ያደርሷቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመራቸውም። የትኛው ክፍል ደረጃ እንዳለው፣ የትኛው በር ወደ ውጭ እንደሚከፈት፣ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው የት እንደሚተኛ በዱላቸው ያውቁታል። ተማሪዎች ይፈሯቸዋል፤ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንሾካሹከውን በድምፁ ለይተው በስሙ ነው የሚጠሩት።

አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን በር በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«የኮምፒውተሩ መምህር አለህ?»

«አለሁ ጋሼ፣ ይግቡ። ወንበሩ በግራዎ ነው።»

ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ የማይሆን ከሆነ አይሆንም በለኝ፣ ቅር አልሰኝም» አሉኝ። «ኮምፒውተር የተጻፈበትን ራሱ ጮክ ብሎ ያነባል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«እኔ እየጻፍኩ፣ የጻፍኩትን መልሶ ለኔው ያነብልኛል?»

«አዎ። ፕሮግራሙን መጫን ብቻ ነው። ቀላል ነው።»

ቀላል ነው ያልኩት ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። እንዲህ ያለ ፕሮግራም እንዳለ ኮሌጅ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ ሲያወራ ነው የሰማሁት። በእጄ ነክቼው፣ በዓይኔም አይቼው አላውቅም። ግን ፊታቸው ሲበራ አየሁና ቃሌን ማጠፍ አቃተኝ።

ለምን እንደፈለጉት ነገሩኝ። ትምህርታቸውን በብሬል ነው የሚያዘጋጁት፤ ብሬልን ግን ከሳቸው በስተቀር በግቢው ውስጥ የሚያነብ የለም። ስለዚህ ፈተና ሲያወጡ እሳቸው ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጥያቄው ለተማሪ ሾልኮ ወጥቷል ተብሎ ሲወራ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በጸሐፊያቸው ላይ ነበር፤ ልጁ አልቅሶ ሥራውን ተወው። ከዚያ በፊት ደግሞ በታይፕ ራሳቸው ሞክረው ነበር። ታይፕ መምታት ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሳሉ ተምረዋል።

«አንዴ የታይፑ የቀለም ሪባን አልቆ ኖሯል፤ እኔ አላወቅሁም። ሙሉ ፈተና መታሁና ወስጄ አስረከብኩ። ገልጠው ሲያዩት ባዶ ወረቀት ነው። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር» አሉ። «ከዚያ ወዲህ በራሴ እጅ ጽፌ አላውቅም። በኔና በተማሪዬ መሃል ሁልጊዜ ሦስተኛ ሰው አለ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። ኢንተርኔት ቤት ነበረ፤ መስመሩ በየመሃሉ እየተቆረጠ አንድ ትንሽ ፋይል ለማውረድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ፕሮግራሙን አገኘሁት። ግን እንደለመድኩት ተጭኖ የሚከፈት አልነበረም፤ የመጣልኝ ምንጩ፣ ማለት ፕሮግራመሮቹ የጻፉት ጥሬው ጽሑፍ ነው። የተሰፋ ልብስ ገዛሁ ብሎ ቤቱ ሲደርስ ጨርቅና ልክ እንደሚያገኝ ሰው ነው የሆንኩት። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው መስፋት ያለበት፤ ለመስፋት ደግሞ መርፌውም ክሩም ያስፈልገዋል። ይህን ያወቅኩት በፍላሽ ይዤ ቡሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ትእዛዙን ጻፍኩ፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ እንደ ጎርፍ ወረደና ቆመ። አንድ ነገር የለም ይላል። የሌለውን ነገር ስም ወረቀት ላይ ገልብጬ በሚቀጥለው ቅዳሜ በማንኩሳ በኩል ሚኒባስ ተሳፍሬ ፍኖተ ሰላም ተመለስኩ። አውርጄ አመጣሁት። እሱን ልጭን ስል ደግሞ እሱም የሚፈልገው ሌላ ነገር አለው። እንደገና ፍኖተ ሰላም። ኢንተርኔት ያለው ሰው በደቂቃዎች የሚጨርሰውን እኔ በየሳምንቱ አንድ አንድ እየለቀምኩ አመጣለሁ።

መምህሩ ሰኞ ሰኞ ኮሪደር ላይ ድምፄን ሲሰሙ ቆም ይላሉ።

«እህሳ፣ ተናገረ?»

«ትንሽ ቀረው ጋሼ።»

«አይዞህ፣ አትቸኩል» ብለው ያልፋሉ። ትንሽ ይቅረው ብዙ ይቅረው እኔ አላውቅም ነበር። ውሎ አድሮ ዱላቸው ሲንኳኳ ስሰማ ወደ ሌላ ክፍል መግባት ጀመርኩ። ዓይናቸው ከማያይ ሰው መደበቅ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ትንፋሼን ውጬ ቆሜ ሳለሁ ሊያልፉኝ ደርሰው፣ «ሰኞ ነው ዛሬ፤ አልጠይቅህም፣ ውጣ» አሉኝና ሳቅ ብለው ሄዱ። ያን ቀን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሌላ ችግር ደግሞ መጣ። ከክፍሉ ኮምፒውተሮች አንዱም ድምፅ አያወጣም። ድምፅ የሚያወጣውና ፈጠን የሚለው የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ቢሮ ያለው፣ እሱም ከእርዳታዎቹ አንዱ ነው። ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ ቅዳሜና እሑድ በሱ ላይ እንድሠራ ቁልፍ ተሰጠኝ። ጸሐፊዋ ቁልፉን ስታቀብለኝ፣ «የሴሚስተሩ ፈተና በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው፤ ኋላ!» አለችኝ። «ምንም አይነካም» አልኳት።

ያን ሳምንት ፍኖተ ሰላም ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ፣ አንድ ሰው የጻፈውን አንብቤ፣ ችግሩ የሊኑክሱ የመሠረት ላይብረሪ፣ ማለት ፕሮግራሞቹ የሚጋሩት የፋይል ስብስብ፣ ማርጀቱ ነው የሚል ሐሳብ ገብቶብኝ ነበር። ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ላይብረሪ ላይ ነው። አዲሱን በምንጩ አውርጄ አመጣሁ፤ ኮምፒውተሩ እሱን ሲሰፋ ሰዓታት ፈጀ። በመጨረሻም በአሮጌው ቦታ ላይ እንዲጭነው አዘዝኩት። ሰው የሚኖርበትን ቤት ነዋሪው ሳይወጣ መሠረቱን እየነቀልኩ እንደምተካ አላወቅኩም። መሃል ላይ ቆመ። ፋይሎቹን ልይ ብዬ ብጽፍ አይሰማም። ጥፋ ብዬ ባዝዘው አይሰማም። ለማውቀው ትእዛዝ ሁሉ መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ። በመጨረሻ ማብሪያና ማጥፊያውን ተጭኜ አጠፋሁትና መልሼ ሳበራው ጥቁር ሆኖ ቀረ።

እሑድ ቀኑን ሙሉ እዚያው ዋልኩ። ምሳም አልበላሁ። ሰኞ ጠዋት ጸሐፊዋ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ ጠበቅኋትና ነገርኳት። አልጮኸችም፤ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጥቁሩን ስክሪን አየችውና፣ «ፈተናውስ?» ብቻ አለች።

ፈተናው ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። መምህራኑ ሁሉ በመምህራን ማረፊያ ተሰበሰቡ። አንዳንዱ የእጅ ጽሑፉን ጥሎታል፤ እንደገና አውጥቶ መጻፍ አለበት። ርዕሰ መምህሩ ገና ነገሩን ሲጀምር እጄን አወጣሁ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «የማላውቀውን ነካሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ በራሴ ነው ያደረግኩት።»

«ቁጭ በል» አለኝ ርዕሰ መምህሩ፤ እንደ መቆጣትም አላለው። «አንተማ ምን ታደርግ፤ በቅን ልቦና ልርዳ ብለህ ነው። ታላቅህ ሲለምንህ እምቢ አትል ነገር።»

ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው መምህር ዞረ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ግን ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ። ለፈተናዎ ሰው እንመድብልዎታለን፤ እስከ ዛሬ ተጓድሎብዎት ያውቃል?»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ የሒሳብ መምህር፣ «ለአንድ ሰው ሲባል የስንቱ ድካም ገደል ገባ» አለ። ሌሎችም አጉረመረሙ። እንደገና ተነሣሁ። «እሳቸው የቢሮውን ኮምፒውተር እንድነካ አልጠየቁም፤ እኔ ነኝ...» ስል አጠገቤ ያለው ሰው እጅጌዬን ይዞ አስቀመጠኝ። «ተው፣ ማንም አንተን አላለህም» አለኝ በጆሮዬ፤ እያጽናናኝ መሆኑ ነው።

መምህሩ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ፊታቸውን ርዕሰ መምህሩ ከተቀመጠበት ትንሽ ወደ ግራ አዙረው፣ «ሥራችሁን ስላስበላሸሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉና ተቀመጡ።

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተሰድቤያለሁ፤ ተገርፌያለሁም። እንደዚያን ቀን ያፈርኩበት ግን ትዝ አይለኝም። ጥፋቴን እዩልኝ ብዬ ስቆም ማንም አላየልኝም። ዓይኔ የሚያይ በመሆኑ ብቻ እኔ ረዳት ሆንኩ፤ እሳቸው ችግር ሆኑ። እኔ ይቅርታ ሳልጠይቅ ይቅር ተባልኩ፤ እሳቸው ሳያጠፉ ይቅርታ ጠየቁ።

በገበያው ቀን ባለቤታቸውን በርበሬ ተራ አገኘኋቸው። በርበሬውን በእፍኛቸው እያነሱ ቀለሙን ሲያዩ ቀና ብለው አዩኝና፣

«ምነው ልጄ፣ ምን አድርገዋቸው ነው ጋሼህን? ኸስብሰባው የመጡ ለት እህልም አልቀመሱ። ሰበሩ እንዴ ማሽኑን? ኸማያውቁት ዕቃ ምን አስጠጋቸው?» አሉኝ።

«እሳቸው አልነኩትም፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አይ፣ አንተማ ልጅ ነህ፤ ይስተካከላል» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እሳቸውም ማሩኝ። በርበሬ ሻጩ ፊት እንባዬ መጣ፤ በርበሬው ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

በማግስቱ መምህሩ ራሳቸው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ።

«ያ የሞተው ኮምፒውተር የት ነው?»

«እዚህ አምጥቼዋለሁ ጋሼ።»

«ከውጭ ሲመጣ ወረቀት አብሮት አልመጣም?»

«ሲዲና ትንሽ መጽሐፍ ካርቶኑ ውስጥ አለ።»

«አንብበኸዋል?»

«ገልጥ ገልጥ አድርጌዋለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ አንብብልኝ» አሉ።

ካርቶኑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ በዓይኔ አያለሁ፤ ጮክ ብዬ ለሰው አንብቤ ግን አላውቅም። ያውም ለእንግሊዝኛ መምህር። መጀመሪያው ገጽ ላይ ገና ሁለት ቃል ሳልል ምላሴ ተሳሰረ። የማይነበበውን ፊደል አነብባለሁ፤ የሚነበበውን እዘላለሁ። ረጅም ቃል ሲመጣ አፌ ውስጥ አጉረምርሜ አልፈዋለሁ። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥለው የሚሰሙ ተማሪዎች ሳቁ፤ ያስተማርኳቸው ናቸው። ላብ አጠመቀኝ።

መምህሩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አንዱን በስሙ ጠሩት፤ ሁሉም ተበተኑ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቀስ በል። ነጥብ ጋ ስትደርስ ቁም። የማትችለውን ቃል በፊደሉ ቁጠርልኝ» አሉኝ። እንደ ተማሪያቸው ቆጠርኩላቸው። አንድም ጊዜ አልሳቁብኝም፤ አላረሙኝምም፤ ቃሉ ሲገባቸው «ቀጥል» ብቻ ነው የሚሉት።

ብዙ ገጽ ከሄድን በኋላ እጃቸውን አነሱ። «እሱን መልሰህ በለው።» መልሼ አነበብኩት። «ሲዲው ራሱ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል ነው የሚለው፤ ውስጥ ያለውን ሳይነካ። አይደለም እንዴ?»

ይሄን ገጽ ከዚያ በፊት አይቼው ነበር። አልገባኝም ነበርና አለፍኩት።

ሲዲውን ከተትን፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ። የዲስኩን ውስጥ ስከፍተው የጸሐፊዋ ፋይሎች በሙሉ በየቦታቸው ተቀምጠዋል። አንድም አልጠፋም። የሞተው ሥርዓቱ ነው እንጂ ጽሑፉ አልተነካም። «አሉ ጋሼ፣ አሉ!» ብዬ ጮህኩ። መምህሩ በረጅሙ ተነፈሱና፣ «በል ሳትነካካው ገልብጥና ውሰድላት» አሉኝ።

በፍላሽ ገልብጬ ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። አንድ በአንድ ከፍታ አየቻቸውና፣ «ሁለተኛ ከማሽኔ አጠገብ እንዳላይህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ለጥፋቴ የሚገባኝን የሰጠችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

እኔ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። ኮምፒውተሩን ከሲዲው እንደ አዲስ ጭኜ መለስኩና፣ ለመምህሩ፣ «ይቅርብን ጋሼ፤ ባላወቅኩት ገብቼ እርስዎን አሰደብኩ» አልኳቸው።

«የተሰደብኩት እኔ፣ የምታኮርፈው አንተ?» አሉኝ። «ስድቡን እንደሆነ አንዴ ተቀብያለሁ። ባዶ እጄን ልመለስበት ነው? ፕሮግራሙስ የራሱ ወረቀት የለውም?»

ነበረው። ካወረድኩት ፋይል ውስጥ የአጫጫን መመሪያ አለ፤ ከፍቼው አላውቅም። እሱንም አነበብኩላቸው። ስክሪኑ ስህተት ብሎ ሲቆም ደግሞ ያንን ሁሉ ጎርፍ ወደ ላይ መልሼ እንዳነብላቸው ያደርጉኛል። እኔ እስከዚያ ድረስ የማየው የመጨረሻውን መሥመር ብቻ ነበር።

«መጨረሻው ጩኸት ነው» አሉኝ አንድ ቀን። «መጀመሪያ ያማረረው ምን ብሎ ነው? እሱን ፈልግ።»

መጀመሪያ ያማረረውን ስናነብ ነገሩ የፈራሁትን ያህል አልነበረም። መመሪያው ለአሮጌ ሥርዓት የፊተኛውን እትም ውሰዱ ይላል፤ ደግሞ በተለየ ቦታ ለብቻው ጫኑት፣ ከነባሩ ጋር አታደባልቁት ይላል። አዲሱን የመሠረት ላይብረሪ ጭራሽ አያስፈልገውም ነበር። ያ ሁሉ መዘዝ በከንቱ ነበር። ያንኑ መሥመር መልሼ አነበብኩት። መምህሩም ገባቸው፤ ግን «ቀጥል» ብቻ ነው ያሉት።

እንደገና ፍኖተ ሰላም ሄጄ የፊተኛውን እትምና የጎደሉትን ክፍሎች ይዤ መጣሁ። ከአንድ የተበላሸ ኮምፒውተር የድምፅ ካርድ ነቅዬ ከክፍሉ ኮምፒውተሮች በአንዱ ላይ ተከልኩ፤ የቢሮውን ጨርሶ አልቀረብኩም። ትእዛዞቹን ጻፍኩ። ጎርፉ ወረደ፤ ሳይማረር አበቃ። አንዲት የእንግሊዝኛ ሰላምታ ጽፌ አነብብ አልኩት።

ስፒከሩ ተንኮሻኮሸና አንድ የቆርቆሮ ድምፅ ያለው ሰው ሰላም አለን።

መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ከዚያ ሳቅ ያዛቸው። «ጉንፋን ይዞታል እንዴ ሰውዬውን!» እያሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ኪቦርዱን ስጠኝ አሉ። ጣቶቻቸው የታይፑን ቦታ አልረሱም፤ ጠቋሚ ጣቶቻቸውን ኤፍና ጄ ፊደላት ላይ ካለችው የመለያ እብጠት አስቀምጠው ጀመሩ። ፊደል በነኩ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፊደሉን ይጠራል። የመጀመሪያ ቃላቸው የራሳቸው ስም ነበር። እንደ ፈረንጅ አጣሞ ጠራቸው። «ይሁን፣ ይለምደዋል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ይመጣሉ። ድምፁ በበር እንዳይወጣ የጆሮ ማዳመጫ ከገበያ ገዙ። እኔ ከሌላው ጥግ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ይጽፋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። ዓይናቸውን የጨፈኑ ሳይሆን የሚያስቡ ሰው ነው የሚመስሉት።

አንድ ሰኞ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ርዕሰ መምህሩ ማይክራፎኑን ይዞ ስሜን ጠራ። አካል ጉዳተኛ መምህራችንን የቴክኖሎጂ ተጠቃሚ ያደረገ ወጣት ባለሙያ ነው አለ፤ ተማሪው አጨበጨበ። ወደ መምህራኑ ሰልፍ ብመለከት የእንግሊዝኛው መምህርም ዱላቸውን ብብታቸው ውስጥ ይዘው ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው እስኪያልቅ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። «እሳቸው ባይኖሩ አይሠራም ነበር፤ መመሪያውን ያስነበቡኝ፣ የፈቱት እሳቸው ናቸው። የሳቸውንም ስም ቢጠሩ ጥሩ ነበር» አልኩት።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የምለው ብቻ አልገባውም። «እሳቸው እኮ ተጠቃሚው ናቸው» አለኝ።

ለመምህሩ ነገርኳቸው። «አንተም ለኔ ስትል አትጣላ» አሉኝ። «ይልቅ ይሄ ማሽን ወረቀት ላይ እንዲያትም አድርግልኝ። የዘንድሮን የመጨረሻ ፈተና ራሴ ነው የማስረክበው።»

የፈተና ኮሚቴው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር የሚቀበለው። መምህሩ ወረቀታቸውን በፖስታ ይዘው ገቡ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። የተቀበለው ያ የሒሳብ መምህር ነው። ፖስታውን ከሳቸው እጅ ወስዶ፣ አወጣውና ገልጦ አየው። ንጹሕ ነው፤ ቁጥሩ ተራውን ጠብቋል። ከዚያ በሳቸው ራስ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝና፣ «ማን ነው የጻፈላቸው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ልመልስለት ነበር።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ መምህሩ። «እዚሁ ቆሜ የለ? እኔን ጠይቀኝ።»

የሒሳብ መምህሩ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ» አለና አስፈረማቸው፤ የሚፈርሙበትን ቦታ እንኳ ጣታቸውን አስነክቶ ለሳቸው ነው ያሳየው። የከፈትኩት አፌ እንዴት እንደተዘጋ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ አብረን ተቀምጠን፣ እኔም እንደማንም ስለሳቸው ልመልስ ተዘጋጅቼ ነበር። አይተውኝ ቢሆን ኖሮ ምን እላለሁ? ከክፍሉ ስንወጣ ግን፣ «አፍህን ስትከፍት ሰማሁህ» አሉኝ።

ፈተናው በተሰጠ ቀን አንዱ ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ተንሾካሾኩ፤ ከዚያ ሳቁ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ተመድቤ ነበርና ገባሁ። የመጨረሻው ጥያቄ አጭር አንቀጽ ጻፉ ማለት ነበረበት። በእንግሊዝኛ «ጻፉ» እና «ቀኝ» አነባበባቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም «ራይት» ናቸው፤ የሚለያዩት በፊደል ነው። መምህሩ የቀኙን ራይት ነው የጻፉት። ኮምፒውተሩ ሲያነብላቸው ልክ ሆኖ ነው የተሰማቸው።

ያ ባዶ ወረቀት፣ ያ ስብሰባ ሁሉ ታየኝ። አሁን ደግሞ «ራሳቸው ካልጻፍኩ ብለው» ይላሉ አልኩ። እየሮጥኩ ወደ መምህራን ማረፊያው ሄጄ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ጥፋቱ የኔ እንደሆነ፣ ይህን አስቀድሜ ማስጠንቀቅ እንደነበረብኝ አከልኩበት።

«የቱን ራይት?» አሉ።

«የቀኙን ጋሼ።»

ዱላቸውን አነሱና ቆሙ። ፊታቸው ላይ የጠበቅኩት ኀፍረት አልነበረም። በየክፍሉ ልዙር አሉ፤ ልምራዎት ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። የመጀመሪያውን በር በዱላቸው አንኳኩተው ገቡና ክፍሉ ጸጥ ሲል፣

«የመጨረሻው ጥያቄ ላይ የፊደል ስህተት አለ። አስተካክሉ» አሉ፤ በፊደሉም ቆጠሩላቸው። «ስህተቱ የኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ከዚያ ወጥተው ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ በየበሩ ያችኑ ሲደግሟት እየራቀ የሚሄደውን ድምፃቸውን ሰማሁ።